ድሮዊንጉን ማን ያነበዋል? ከቱዲ ወደ ስሪዲ በኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው የሚመጣለት ጥያቄ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተቀይሯል። ድሮ ደንበኛ የተሰበረውን ዕቃ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ያመጣና «ይቺን ሥራልኝ» ይል ነበር። አሁን ስልኩን አውጥቶ በቴሌግራም የተላከለትን የወረቀት ፎቶ ያሳያል፤ ቀጥሎ «ስሪዲ አድርጉልኝና ሲኤንሲ ላለው ሰው ልላከው» ይላል። ስሪዲ የሚለው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው የኮምፒውተር ሞዴል ነው፤ ሲኤንሲ ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ብረት ቆራጭ ማሽን። ወረቀቱ አንዳንዴ ከማሽኑ ማኑዋል የተቀደደ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ።

ምክንያቱ ገበያው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በዚያው ልክ ተወደደ፤ ለዚያውም ዶላሩ ተገኝቶ፣ ዕቃው ታዝዞ፣ ጅቡቲ ደርሶ እስኪመጣ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ሆነ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉበት ከተማ «እዚሁ ይሠራ» የሚለው ሐሳብ መበርታቱ አይገርምም። እዚሁ እንዲሠራ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ሥዕል ማሽን የሚረዳው ቅርጽ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቱዲ፣ ማለትም ከጠፍጣፋው ሥዕል፣ ወደ ስሪዲ መቀየር የሶፍትዌር ሥራ ይመስላል። ሶሊድወርክስ የሚባለውን የንድፍ ሶፍትዌር የሚያውቅ ልጅ ፈልግ፣ ክፈል፣ ፋይሉን ተቀበል፣ አለቀ። እኔ እንደማየው ግን ሥራው ከሞላ ጎደል ንባብ ነው። ሶፍትዌሩን የሚነዳ ወጣት በከተማው ሞልቷል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ነው፣ ደሴ ላይም ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ አለ። ወረቀቱን አይቶ «እዚህ ጋ አንድ ልኬት ይጎድላል፣ ይሄኛው መስመር ደግሞ ቀዳዳ ሳይሆን ጥርስ ነው» የሚለው ሰውም አለ። ችግሩ እሱ ከኮምፒውተሩ ፊት አለመቀመጡ ነው፤ ቶርኖው ላይ ነው ያለው፣ ፋይሉን የሚሠራው ልጅም አያማክረውም።

ከመሠረቱ እንጀምር። አንድ እይታ ብቻውን ቅርጽ አይናገርም፤ መሶብና ድስት ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ክብ ናቸው። ሁለት እይታም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከፊት ለፊት ካሬ፣ ከላይም ካሬ ሆኖ የሚታይ ነገር ኩብ ሊሆን ይችላል፤ ከጎን ሲታይ ሦስት ማዕዘን የሆነ ሽብልቅም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጠርዙ በሩብ ክብ የተጠረበ ብሎክም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው እይታ እስኪመጣ ሁሉም ትክክል ናቸው። ለዚህ ነው የምሕንድስና ሥዕል ፊት፣ ላይና ጎን ብሎ የሚደረድረው።

ይህን አደራደር ሥርዓት ያስያዘው ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ነው። በሜዚዬር የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሳለ ሌሎች በረጅም ስሌት ይደክሙበት የነበረውን የምሽግ አሠራር በሥዕል ብቻ ፈታው። ዘዴው ጠቃሚ ሆኖ ስለተገኘ ለዓመታት የጦር ምስጢር ተደረገ። ሞንዥ በአደባባይ ያስተማረው እ.ኤ.አ. በ1795 ሲሆን መጽሐፉ በ1799 ወጣ። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም ድሮዊንግ የዚያ ልጅ ነው።

የሞንዥ ሥርዓት ቅርጹን ወደ ወረቀት ያወርዳል። ከወረቀት ወደ ቅርጽ መመለሱን ለኮምፒውተር ማስተማር የተጀመረው ዘግይቶ ነው። ጃፓናዊው ኢደሳዋ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሦስት እይታ ጠጣር አካል የሚያወጣ ዘዴ አቀረበ፤ የአይቢኤሞቹ ማርኮውስኪና ዌስሊ ደግሞ በ1980 እና 1981 መንገዱን አሟልተው አሳተሙ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የፊት እይታው የእያንዳንዱን ነጥብ አግድመትና ከፍታ ይሰጣል፣ የላይኛው አግድመትና ጥልቀት፣ የጎኑ ደግሞ ጥልቀትና ከፍታ። ሦስቱ ሲስማሙ አግድመቱ፣ ከፍታውና ጥልቀቱ የታወቀ አንድ ነጥብ ይገኛል። ነጥቦቹ ይያያዙና ጠርዝ ይሆናሉ፣ ጠርዞቹ ገጽ፣ ገጾቹ ብሎክ። ጣጣው አግድመታቸው አንድ የሆነ ብዙ ነጥቦች ሲኖሩ ነው፤ ያኔ በእውነተኛው ዕቃ ላይ የሌሉ ነጥቦችና ጠርዞች አብረው ይወለዳሉ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ብሎክ «ሙሉ ነው ወይስ ባዶ?» እያለ ይሞክርና ከሥዕሉ ጋር የሚስማማውን ይመርጣል። ብሎኮቹ 10 ቢሆኑ ሙከራው 1,024 ነው፤ 20 ሲሆኑ ከሚሊዮን ያልፋል። አንዳንዴ ደግሞ ከሥዕሉ ጋር የሚስማማው መልስ ከአንድ በላይ ይሆናል፤ ያኔ የትኛው እንደተፈለገ ሒሳብ አይነግርም።

ይህ ሁሉ ግን ሥዕሉ ንጹሕ ከሆነ ነው፤ መስመር ሁሉ የእውነት ጠርዝ፣ እይታ ሁሉ የተሟላ። ፋብሪካ ውስጥ እንዲያ ያለ ድሮዊንግ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ረዘም አድርጌ የምጽፈው የስሪዲ ሞዴል የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

የምሕንድስና ሥዕል አንባቢው ያውቀዋል ብሎ ሆን ብሎ «ይዋሻል»። አንድ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት መንኮራኩር) መሐሉን ተቆርጦ በሴክሽን ሲሳል የተቆረጠው ብረት በሰያፍ መስመር ይሞላል። እምብርቱን ከጠርዙ ጋር የሚያያይዘው ሪብ ወይም ክንድ ግን ቁመቱን ተከትሎ ቢቆረጥም በሰያፍ አይሞላም፤ ቢሞላ ፑሌጃው ዙሪያውን ደፍን ይመስላልና። ልማዱን የማያውቅ ሰው ወይም ፕሮግራም ባዶውን ቦታ ያያል፣ «እዚህ ብረት የለም» ይላል፣ ሪቡን ያጠፋዋል። ዘንግ፣ ቡሎንና ኪ (ፑሌጃን ወይም ማርሽን ከዘንጉ ጋር የሚያስር ትንሽ ብረት) እንዲሁ በሴክሽን ውስጥ ሳይቆረጡ ነው የሚሳሉት። ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰር ክብ ከንፈር) ላይ ዙሪያውን የተደረደሩ ቀዳዳዎች በሴክሽኑ መስመር ላይ ባይውሉም ሠዓሊው በሐሳቡ አዙሮ ያመጣቸዋል፤ ከመሐል ያላቸው ርቀት እውነተኛ ሆኖ እንዲታይ። ሦስት ቀዳዳ ያለው ፍላንጅ በሴክሽን ሲታይ ላይና ታች ትክክል ትይዩ ቀዳዳ ያለው ይመስላል፤ ሞዴል የሚሠራው ልጅ የላይኛውን እይታ ካላየ አራት ያደርጋቸዋል። የቪቴ (የቡሎን) ጥርስ ደግሞ ጥርስ ሆኖ አይሳልም፤ በቀጭን መስመርና «ኤም 12»፣ ማለትም ባለ 12 ሚሊሜትር ጥርስ፣ በሚል ጽሑፍ ይጠቆማል። ያን ቀጭን መስመር እንደ ጠርዝ ቆጥሮ በቀዳዳው ዙሪያ እርከን የሠራ ሞዴል አይቻለሁ። ስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል፤ ቡሎን ግን አይገባበትም።

ከዚህ የሚብሰው አደራደሩ ራሱ ነው። በአውሮፓ፣ በቻይናና በህንድ ልማድ የላይኛው እይታ ከፊት እይታው በታች ይቀመጣል፣ ከግራ የታየው ደግሞ በቀኝ፤ ፈርስት አንግል የሚባለው ይህ ነው። በአሜሪካና በጃፓን ልማድ የላዩ ከላይ፣ የቀኙ በቀኝ ነው፤ ይህ ሰርድ አንግል ነው። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የሥዕሉ ስምና ቁጥር በሚጻፍበት በርዕስ ሳጥኑ ጥግ ያለች ትንሽ የኮን ምልክት ናት። የሚመጣልን ፎቶ ግን ሥዕሉን እንጂ የርዕስ ሳጥኑን አያካትትም፤ ደንበኛው «ዋናውን» ብቻ ነው ያነሣው። አንዱን እንደ ሌላው ያነበበ ሰው የሚያወጣው የመስታወት ምስሉን ነው፤ ፊት ያለው ወደ ኋላ ይዞራል። ዕቃው ላይ ወዲያ ሳያልፍ የሚቆም ቀዳዳ ወይም ሰርጥ ካለ የተቆራረጡት መስመሮች ስለማይገጥሙ ስሕተቱ ይጋለጣል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወዲያ ወዲህ የሚያልፉ ከሆኑ ግን ምንም የሚጋጭ ነገር የለም፤ ስሕተቱ የሚታየው ብራኬቱ ተሠርቶ ማሽኑ ላይ አልገጥም ሲል ነው። ከጣሊያን፣ ከቻይና፣ ከጃፓንና ከህንድ የመጣ ማሽን ጎን ለጎን በሚሠራበት ከተማ ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቷል፤ «ፎቶውን ጣል፣ ስሪዲውን ውሰድ» የሚል ማስታወቂያ በየስልኩ አለ። ጥርጣሬዬ ቴክኖሎጂ ከመጥላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዲፕካድ የተባለው ጥናት ከ178 ሺህ በላይ የስሪዲ ሞዴሎችን ሰብስቦ ማሽን አስተምሯል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ እሱን መነሻ አድርገዋል። ሞዴሎቹ የተሠሩት በሁለት እርምጃ ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋ ቅርጽ መሳልና እሱን ወደ ላይ መጎተት። ለብራኬት፣ ለሳህንና ለሳጥን ይህ ይበቃል። በቀረጻ (ብረት አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ) የወጣ የፓምፕ ቤት፣ ጠርዙ ሁሉ የተሞረደ፣ ግድግዳው ትንሽ ያዘነበለ፣ ውስጡ የተጠማዘዘ ዕቃ ግን ከዚያ ዓለም ውጭ ነው። ፕሮግራሞቹ በየወሩ እየተሻሻሉ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ የፓምፑንም ቤት ይሠሩት ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዝምታቸው ነው። ሰው ሲቸግረው ይደውላል፤ «ይሄ 8 ነው ወይስ 3?» ይላል። ፕሮግራሙ አይደውልም። ያላየውን ልኬት ከአካባቢው ገምቶ ይሞላና እንደ ሌላው ሁሉ ያማረ ሞዴል ይሰጥሃል፤ የተነበበው የቱ፣ የተገመተው የቱ እንደሆነ ፋይሉ ላይ አይታይም። ቁጥሩ የደበዘዘ ፎቶ ተቀብሎ ያለማመንታት መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ ወርክሾፕ ውስጥ ቢኖር ማንም አያቆየውም።

አንድ ጉዳይ ቀረብ አድርጌ ልናገር። ከአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የማርሽ ሥዕል መጣ። ፎቶው ላይ የሚነበበው የጥርሱ ብዛት 32፣ የውጭ ዲያሜትሩ 108 ሚሊሜትር መሆኑ ነው፤ ሞጁሉ (የጥርሱን መጠን የሚናገረው ቁጥር) የተጻፈበት ቦታ ላይ ዘይት ፈሶበታል። ሞዴሉን የያዘው ልጅ ጎበዝ ነው። ሞጁል 3 ብሎ አስገባ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እሱ ነዋ። የውጭ ዲያሜትር ሞጁል ሲባዛ በጥርስ ብዛትና 2 ድምር ስለሆነ ሶፍትዌሩ 102 ሰጠው። 108 መሆን አለበትና ሞዴሉን በሙሉ በስኬል አሳደገው። ስክሪኑ ላይ 32 ጥርስ፣ 108 ሚሊሜትር፤ ሁሉም ከወረቀቱ ጋር ልክ። ፋይሉ ወደ ሲኤንሲ ሊላክ ነው።

ቶርኖ ላይ የነበሩት አባት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡና ስልኩን አዩ። ኮምፒውተሩን አልነኩም። 108ን ለ34 ያካፍሉ አሉ፤ 3.176። «እንዲህ ያለ ሞጁል የለም» አሉ። 25.4ን፣ ማለትም የአንድ ኢንችን ሚሊሜትር፣ በኢንች ማርሽ የተለመደ መጠን ለሆነው ለ8 ያካፍሉ፤ 3.175። ማርሹ የኢንች ነው፤ ሚሊሜትሩ በኋላ የተጻፈ ነው፣ ትክክለኛው ዲያሜትርም 107.95 ነው። ልጁ አልተዋጠለትም፤ ግጥምጥሞሽ ቢሆንስ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እሳቸው የጥገና ክፍሉ ሁለት ነገር እንዲነግራቸው አስደወሉ፤ አብሮት የሚዞረው ማርሽ ስንት ጥርስ አለው፣ በሁለቱ ዘንጎች መሐል ያለው ርቀትስ ስንት ነው? መልሱ 48 ጥርስና 127 ሚሊሜትር ሆነ። 127 ሚሊሜትር ልክ 5 ኢንች ነው። ሞጁል 3 ቢሆን ርቀቱ 120 መሆን ነበረበት።

ከዚያም አልጨረሱም። የቆየ የኢንች ማርሽ ከሆነ የጥርሱ ማዘንበያ የዛሬው 20 ዲግሪ ላይሆን ይችላል፣ 14.5 የሚባል አለ፤ ይህን ሥዕሉም አይናገርም። የተሰበረው ማርሽ ራሱ ይምጣ፣ ስባሪውም ቢሆን፣ አሉ። መጣ። ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ውስጥ አንድም የሶፍትዌር ዕውቀት አልገባም፤ ሁለት ማካፈልና አንድ ስልክ ነው። ክፍያውን ብትጠይቁኝ ግን ሞዴሉ በሰዓት ይታሰባል፣ እሳቸው ያደረጉት «ምክር» ተብሎ በነጻ ይታለፋል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት መከተል ነው። ፒዲኤፉን ወይም ፎቶውን ከጀርባ አንጥፎ በላዩ ላይ መስመር እየሳቡ ከዚያ ወደ ላይ መጎተት። ፈጣን ነው፣ ሲያዩትም ትክክል ይመስላል። በስልክ በትንሹ ሰያፍ የተነሣ ፎቶ አንድ ከመቶ ቢያዛባ በ200 ሚሊሜትር ላይ 2 ሚሊሜትር ነው። 6208 የሚባለው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የሚቀመጥበት ዘንግ ደግሞ 40 ሚሊሜትር ሆኖ በተለመደው ልክ ከ40.002 እስከ 40.018 ባለው ውስጥ መውደቅ አለበት፤ ጠቅላላው ክፍተት ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሥዕል ሥርዓቱ ራሱ «ከሥዕሉ ላይ በማስመሪያ አትለካ፣ የተጻፈውን ቁጥር ያዝ» ይላል፤ ያኔ ወረቀቱ እርጥበት ሲነካው ስለሚለጠጥ ነበር፣ ዛሬ በካሜራው ምክንያት ሆነ። ሞዴል ከቁጥር ይገነባል። ቁጥር የሌለበት ቦታ ከዕቃው በካሊፐር ይለካል።

ቶለራንስን፣ ማለትም የሚፈቀደውን የልክ ልዩነት፣ ካነሣን ስሪዲው የማይሸከመውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሞዴሉ ላይ ዘንጉ 40 ነው፤ 40.000። ኩሽኔታው በመዶሻ ይግባ በእጅ፣ ገጹ ይለስልስ ይሻክር፣ ብረቱ ይጠንክር አይጠንክር ቅርጹ አይናገርም። ይህን ሁሉ ከሞዴሉ ጋር አያይዞ ማስተላለፍ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ አሜሪካኖች ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 መስፈርት አውጥተዋል፣ ዓለም አቀፍ መስፈርትም አለው። እዚህ ግን ፋይሉ በስቴፕ (በተለያዩ ሶፍትዌሮች በሚከፈት የፋይል ዓይነት) ተልኮ ማዶ ሲከፈት የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቅርጹ ነው። ስለዚህ ስሪዲ ተሠራ ተብሎ ወረቀቱ አይጣልም፤ አብሮ ይሄዳል።

ደግሞስ ሁሉም ነገር ስሪዲ መሆን አለበት ወይ? የለበትም። ቡሽ፣ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ቀለበት፣ በእጅ በሚነዳ ቶርኖ የሚወጣ ማንኛውም ክብ ዕቃ በአንድ ገጽ ንድፍና በአምስት ቁጥር ያልቃል። ለእንዲህ ያለው ሞዴል የሚያስከፍል ሰው የሚሸጠው ጌጥ ነው። ስሪዲ ዋጋውን የሚመልስባቸው ሥራዎች ሌሎች ናቸው። አንዱ ቀረጻ ነው፤ ሞዴሉ መጠኑን ስለሚሰጥ ስንት ኪሎ ብረት እንደሚቀልጥ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ካስት አይረን ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርም ሞዴሉን አንድ ከመቶ ያህል ማሳደግ ይቻላል፤ 300 ሚሊሜትር እንዲወጣ ቅርጹ 303 ይሆናል። ሌላው ላሜራ ነው። ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ በ90 ዲግሪ ሲታጠፍ የውጭ ልኬቶቹን ደምሮ የቆረጠ ሰው በአንድ እጥፋት 3.5 ሚሊሜትር ገደማ ይተርፈዋል፤ አራት እጥፋት ያለው ሳጥን ላይ 14 ሚሊሜትር፣ ክዳኑ አይዘጋም። ሶፍትዌሩ ይህን ዘርግቶ ያሰላል፤ ማጠፊያ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው የራዲየሱን ልክ ከነገረው ማለት ነው።

ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ ሐረጎን ወጥተን ደሴ ስንገባ ጥያቄው ከማሽን ወደ መሬት ይሸጋገራል፤ ያው የወረቀትና የቅርጽ ጥያቄ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ሜዳ ብርቅ የሆነባት ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ሲገቡበት ምድር ቤት የሆነው ከጀርባው ሲያዩት ሦስተኛ ፎቅ የሚሆን ሕንጻ በየሰፈሩ አለ። የግንባታ ፕላን ግን ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ እንደተሳለ ነው የሚመጣው፤ የወለሉ ፕላን፣ አራት ገጽታ፣ አንድ ሴክሽን፣ ከሥር ቀጥ ያለ የመሬት መስመር። 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ በ25 ከመቶ ቢያዘነብል ከፊቱ እስከ ኋላው 5 ሜትር ይወርዳል፤ ከአንድ ፎቅ ይበልጣል። 12 ሜትር ስፋት ያለውን ይህን ቦታ ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ሞልቶ ለማስተካከል የሚቆረጠው ብቻ 150 ሜትር ኩብ ነው፤ አፈሩ ሲቆፈር ስለሚነፋ ተጭኖ ይውጣ ቢባል ወደ 12 ሲኖ። ይህ ቁጥር ከወለል ፕላኑ ላይ አይታይም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ቁፋሮው ሲጀመር ነው። የቦታውን ኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያያይዙትን) ወደ ስሪዲ ገጽ ቀይሮ ሕንጻውን በላዩ ላይ ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ኮንቱሩ በትክክል ከተለካ። ከስልክ ካርታ የተወሰደ ከፍታ ግን ለእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ አይበቃም፤ በሜትሮች ሊስት ይችላል። እዚህም የሚጎድለው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ለካው የሚባለው ሰው ነው።

ሥራ ተቋራጮች ስሪዲ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚያምረውን ሥዕል ነው፤ ዛፍ፣ መኪና፣ ሰማያዊ መስታወት። እሱ ለሽያጭ ነው። የሚጠቅመው የአርክቴክቱ፣ የስትራክቸሩና የሳኒተሪው ሉህ አንድ ላይ ተደርቦ የፍሳሽ ቱቦው በቢም መሐል ማለፉን ፎርምወርክ ሳይገጠም የሚያሳየው ሞዴል ነው። እሱን ማንም ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም።

ወደ ኮምቦልቻ ልመለስና የመጨረሻውን ጉዳይ ላንሣ፤ የሥዕሎቹ ማደሪያ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስ፣ ኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ድረስ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ስለ ማሽኖቹ ብዙ ተብሏል፤ ኮምፒውተር ሲወሰድና ካቢኔት ሲገለበጥ አብሮ ስለሚሄደው ወረቀት ግን የተባለ ነገር አልሰማሁም። ዛሬ ፎቶ ኮፒ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ዋናውን ሲጠየቅ ትከሻውን የሚነቀንቀው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። የቀረውን ለማቆየት ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ሉሁ የርዕስ ሳጥኑ ሳይቆረጥ በስካነር ይነሣ፣ በዕቃው ቁጥር ይሰየም፣ ከፋብሪካው ውጭም አንድ ቅጂ ይቀመጥ። ሞዴል ከተሠራ በሶፍትዌሩ በራሱ ፋይል ብቻ አይቅር፣ በስቴፕም ይቀመጥ፤ በአዲሱ ቨርሽን የተሠራው በአሮጌው አልከፈት ሲል ብዙ ሰው ተቸግሯል፣ እዚህ የተጫነው ሶፍትዌር ደግሞ አብዛኛው ፈቃድ የሌለው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 የመጀመሪያ ሙሉ ቨርሽኑ የወጣው ፍሪካድ የተባለው የስሪዲ ሶፍትዌር በነጻ ነው፤ ለአንድ ወርክሾፕ ሥራ በቂው ነው።

ክፍያውም ይስተካከል። ንባቡ ለብቻው ይታሰብ፤ ቶርኖ ላይ ያሉት ሰው ወረቀቱን ለማየት የሚቀመጡበት ሰዓት በደረሰኙ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው። ሞዴሉ ሲረከብ ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ ይምጣ፤ የትኛው ልኬት ከሥዕሉ እንደተነበበ፣ የትኛው ከዕቃው እንደተለካ፣ የትኛው እንደተገመተ የሚናገር። በማርሹ ጉዳይ ያ ገጽ ኖሮ ቢሆን «ሞጁል 3፣ የተገመተ» የሚለውን መስመር የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ራሱ አይቶ ያስቆመው ነበር፤ የዘንጎቹን ርቀት የሚያውቀው እሱ ነውና።